የአባቴ ስም ምን አጠፋ?

ሊስቦን ከመጣሁ ወዲህ ፎርም በሞላሁ ቁጥር ያው ጭቅጭቅ ነው። "የቤተሰብ ስም" ይላል። እኔ ያለኝ የአባቴ ስም ነው! ትናንት የልጄን ጉዳይ ይዤ አንድ ቢሮ ሄድኩ። ሠራተኛዋ የሁለታችንን ፓስፖርት ጎን ለጎን አድርጋ የመጨረሻ ስሞቻችንን በጣቷ እየነካካች፣ "አባትና ልጅ ከሆናችሁ ለምን አይመሳሰልም?" አለችኝ። እኔ በአባቴ እጠራለሁ፣ ልጄ በእኔ ይጠራል። ሦስቴ አስረዳሁ። ሌላ ማስረጃ አምጣ ተባልኩ። ልጄ አጠገቤ ቆሞ ይሰማል።

የሚያንገበግበኝ ነገሩ ለዚህ አገር እንግዳ አለመሆኑ ነው። ኑኖ አልቫሬሽ ፔሬይራን እዚህ የማያውቀው የለም። በ1385 እ.ኤ.አ. አልዡባሮታ ላይ ጎረቤቷ ካስቲል (የዛሬዋ ስፔን ክፍል) ስትሸነፍ የፖርቱጋል ጦር አዛዥ እሱ ነበር። በ2009 እ.ኤ.አ. ቅዱስ ተብሏል። ታዲያ "አልቫሬሽ" ማለት የአልቫሮ ልጅ ማለት ነው። አባቱ አልቫሮ ጎንሳልቬሽ ይባላል፤ የጎንሳሎ ልጅ። አያቱ ደግሞ የብራጋው ሊቀ ጳጳስ ጎንሳሎ ፔሬይራ ናቸው። (አዎ፣ ሊቀ ጳጳሱ ልጅ ነበራቸው። ኑኖም ከጋብቻ ውጭ ነው የተወለደው።) ፔሬይራ የዘር ስም ነው፣ አልክድም። መሃሉ ግን ቁርጥ የእኛ ነው።

በዚያው ጦርነት ወንድሙ ፔድሮ ለካስቲል ተሰልፎ ሞተ። እሱም አልቫሬሽ ነው። ወንድማማቾቹ ጠላት ሆነው እንኳ የማን ልጆች እንደሆኑ ስማቸው ይመሰክራል። የአባት ስም ማለት ይሄ ነው!

የኑኖ ብቸኛ የተረፈች ልጁ ቤአትሪሽ የንጉሥ ዡአውን ልጅ አፎንሶን አገባች። ከእነሱ የተነሳው የብራጋንሳ ቤት ከ1640 እስከ 1910 ፖርቱጋልን ገዛ። የነገሥታቱ አያት ስም እንደ እኔ ስም ነበር፤ ዛሬ የእኔ ስም ጥርጣሬ ያስነሳል።

ከቢሮው ወጥቼ ኑኖ ያሠራው የካርሙ ገዳም ሄድኩ። በ1755ቱ የመሬት መንቀጥቀጥ ጣሪያው ረግፎ ቅስቶቹ ብቻ ቀርተዋል፤ ቀና ሲሉ ሰማይ ነው። ኑኖ በ1423 ሀብቱን ትቶ እዚህ መነኮሰ። ስሙንም ኑኖ ደ ሳንታ ማሪያ አለ። የአባቱን ስም የተወው በገዛ ፈቃዱ ነው፤ ማንም መስኮት ላይ አቁሞ አላስጣለውም።

ወዳጆቼ "የአባትህን ስም ለልጅህ ስጠውና ተገላገል" ይሉኛል። አልሰጥም። ሰኞ የልደት ወረቀቱን አስተርጉሜ እመለሳለሁ።