ለክብ ማዕዘን ጠባቂዎች ምስጋና ይድረስ

ሰሞኑን ሰዓቴ አፕዴት ካላደረግከኝ ብላ ነዘነዘችኝ፣ እሺ ብዬ አደረግኩላት፣ ጠዋት ስነሳ ለሱ ብዬ የገዛሁት ፊቸር ድራሹ የለም። ታች በደቃቅ ፊደል "በፓተንት ክርክር ምክንያት" ይላል። ፓተንት ማለት ይሄ የኔ ፈጠራ ነው፣ ያለፈቃዴ እንዳትሰሩት የሚያስብል መብት ነው። የቀረው ያው ደርሶባችኋልና አላብራራም። ሁለት ካምፓኒዎች ተጣሉ፣ የተቀነሰው የኔ እቃ። ሂሳቡን ግን ማንም አልቀነሰልኝም።

አላማርርም ግን። ላመሰግን ነው የመጣሁት። እነዚህ ካምፓኒዎች ባይካሰሱ ክብ ማዕዘንን ማን ይጠብቅልን ነበር? አፕልና ሳምሰንግ እ.ኤ.አ. በ2011 ፍርድ ቤት ሲገናኙ ካጣሏቸው ነገሮች አንዱ ማዕዘኑ ክብብ ያለ አራት ማዕዘን ነው፣ በ2012 ጁሪው (ከተራ ሰው የተመረጡ ፈራጆች) ሳምሰንግ ለአፕል ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ካሳ ይክፈል ብሎ ፈረደ፣ ከዛ ካሳው ተቆረጠ፣ ይግባኝ፣ እንደገና ይግባኝ፣ በ2016 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰላችሁ። ጥያቄው ምን መሰላችሁ፣ ዲዛይን ሲኮረጅ ካሳው የሚሰላው ከሙሉው ስልክ ትርፍ ነው ወይስ ከተኮረጀው ክፍል? ሕጉ ደግሞ የመጣው ከምንጣፍ ነው! ቀልዴን አይደለም፣ የምንጣፍ ዲዛይን ተሰርቆ ፍርድ ቤት 6 ሳንቲም ብቻ ስለፈረደ የአሜሪካ ሕግ አውጪው ኮንግረስ በ1887 ያወጣው ነው። ስምንቱም ዳኞች "የግድ ሙሉው ስልክ ላይሆን ይችላል" አሉ፣ እንዴት እንደሚለይ ግን እናንተው ጨርሱት ብለው ወደ ታች መለሱት። በ2018 ሌላ ጁሪ 539 ሚሊዮን ዶላር አለ፣ በወሩ ታረቁ። ሰባት ዓመት! እኔማ ይህን ካነበብኩ ወዲህ እጄን መታጠብ ሁሉ ፈርቻለሁ፤ ሳሙና ሲገዛ ሹል ማዕዘን አለው፣ ሶስት ቀን ከታጠባችሁበት ክብብ ይላል፣ ይሄ ጥርት ያለ የመብት ጥሰት ነው። ትራሴማ ሲሰፋም ወንጀለኛ ነው።

ጠበቆቹንም ሳላመሰግን አላልፍም፣ በሰዓት እየተከፈለው ድምፁ ሳይንቀጠቀጥ ስለ ጥግ ክብነት የሚከራከር ሰው ተራ ሰው አይደለም።

ከሁሉም በላይ ግን ያንን ምንም ሳይሰራ፣ አንድ መስመር ኮድ ሳይጽፍ፣ የከሰረ ካምፓኒ ፓተንት ለቃቅሞ የሚኖረውን ጀግና! ሶስት ሆነው አፕ ለሚሰሩ ልጆች ደብዳቤ ይልካል፤ ጠበቃ ከምትቀጥሩ ለኔ ከፍላችሁ ብትገላገሉ ይረክሳል ይላል። ልጆቹም ይከፍላሉ፣ ጥፋተኛ ስለሆኑ ሳይሆን ንጹህ መሆን ስለሚወደድ። ይሄ ዝርፊያ ነው፣ ሌላ ስም የለውም። ፓተንት እኮ ውል ነበር፦ የሰራኸውን ለሰው ሁሉ ግለጥ፣ ካመለከትክበት ቀን ጀምሮ እስከ 20 ዓመት ያንተ ይሁን፣ ከዛ የሁሉም ይሁን። አሁን ግን መንገድ ላይ ገመድ ወጥሮ ቀረጥ መሰብሰቢያ አደረጉት፣ ያውም መንገዱን ያልሰሩት።

ይቅርታ፣ ምስጋና ላይ ነበርኩ። ሰዓቴ አሁን ደግሞ አዲስ አፕዴት አለ እያለች ነው። ሳሙናዬን ከነካርቶኑ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፌበታለሁ።