ውሃው የት ነው የሚገባው?

ዛሬም የእንጦጦን ዳገት ሳልጨርስ የሙቀት መለኪያው ቀይ ነካ። በቃኝ! ይህች ኮሮላ ስድስት ወር ሙሉ ውሃ ትጠጣለች። መሬት ላይ ግን አንድ ጠብታ የለም። የመጀመሪያው መካኒክ «ራዲያተሩ ነው» አለ። ተቀየረ። ሁለተኛው «የውሃ ጎማው ነው»። ተቀየረ። ሦስተኛው ጭራሽ ቴርሞስታቱን፣ እንደ ሞተሩ ሙቀት ለውሃው መንገድ የሚከፍተውንና የሚዘጋውን፣ አውጥቶ ጣለው፤ «ለኛ አገር አያስፈልግም» ብሎ! ፋብሪካው ለጌጥ ነው የገጠመው? ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ራዲያተሩ ላይ የግፊት ፓምፕ ገጥሞ የሚያፈስበትን ማየት እኮ ስንት ደቂቃ ይፈጃል? ግን ማን ይልፋ? መገመት ይቀላል፤ ከፋዩ እኔ ነኝ። አራተኛው ደግሞ ዛሬ ኮፈኑን እንኳ ሳይከፍት «ቴስታታው ይወርዳል» አለኝ፤ የሞተሩ የላይኛው ክፍል ይፈታ ማለቱ ነው። ወንበሬ ሥር ስድስት ሃይላንድ ውሃ ደርድሬያለሁ። መኪና ነው የምነዳው ወይስ ቦቴ?