ክዳን የሌለው ዕቃ

ላፕቶፕ ከታብሌት የሚበልጥበት ዋናው ነገር ክዳኑ ነው። ስለ ፍጥነት፣ ስለ ስክሪን ጥራትና ስለ ኪቦርድ የሚከራከሩ ሰዎች ሐዋሳ ውስጥ ዘመድ ያላቸው አይመስለኝም፤ ዘመድ ያለው ሰው ከጉዞ መልስ ፎቶ ሲያስተካክል ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልገው «ቆይ፣ ገና አልጨረስኩም» ብሎ የሚከድነው ነገር ነውና።

በሥራው በኩል ታብሌቱ አይታማም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2010 የመጀመሪያው አይፓድ ሲወጣ «ይህማ ትልቅ ስልክ ነው» ብለው ያፌዙበት ጥቂቶች አልነበሩም፤ ዛሬ ግን የካሜራውን ሜሞሪ በካርድ ማንበቢያ ሰክቶ ፎቶ መምረጥ፣ ከ2019 ወዲህም ሲያስፈልግ ወደ ውጭ ሃርድ ዲስክ መገልበጥ ተችሏል። ከፎቶ ማስተካከያ መተግበሪያዎቹ ላይትሩም ዋናውን ፎቶ ሳይነካ የተደረገውን ለውጥ ለብቻው ይመዘግባል፤ ስናፕሲድም አብዛኛውን የዘወትር ሥራ ያለ ክፍያ ይሠራል። መብራት ሲጠፋ ታብሌቱ ሥራውን ሲቀጥል፣ ባትሪው የደከመ ላፕቶፕ ከሰፈሩ ጋር አብሮ ይጨልማል። መረጣውም ቢሆን በጣት እየገፉ ማለፍ በመሆኑ ከላፕቶፑ ይልቅ ይቀላል። ችግሩ ጣት ያለው ሁሉ መራጭ መሆኑ ነው።

ከባሌ በተመለስን ማግሥት አክስቴ ቤት ቡና ተፈልቶ ሳለ ታብሌቱ እንደ ቆሎ ሰሃን ከእጅ ወደ እጅ መዞር ጀመረ። ከ4000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ሳነቴ ላይ፣ በብርድ እየተንቀጠቀጥን ያነሣነው ቀይ ቀበሮ ተራው ደረሰ። የአክስቴ ባል ጋሼ፣ «የታለ ቀበሮው? አቅርበው እንጂ!» ብለው ሁለት ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ ዘረጉ። በ24 ሜጋፒክስል ካሜራ የተነሣ ፎቶ 6000 በ4000 ነጥብ ስፋት አለው፤ ከዚህ ሁሉ ለቀበሮው የደረሰው ግን እፍኝ አይሞላም። ጋሼ ደግመው ዘረጉ፣ ሠለሱም፤ በመጨረሻም ስክሪኑን የሞሉትን ቀያይ አራት ማዕዘኖች ለረጅም ጊዜ ከመረመሩ በኋላ፣ «እኔ የማየው ጡብ ነው» ብለው ለቀጣዩ ሰው አሳለፉት።

አክስቴ ፊታቸው ጠቆር ማለቱን አልወደዱትም። የብርሃኑን ማስተካከያ ባሳየኋቸው ጊዜ በጥቂቱ መግፋትን እንደ ንፉግነት ቆጥረው እስከ ጫፍ ወሰዱት፤ ነጠላቸው ከደመናው ጋር አንድ ሆነ፣ ከፊታቸውም ዓይናቸውና ጥርሳቸው ብቻ ተረፈ። «እንዲህ ነው እንጂ! አሁን እኔን መሰልኩ» አሉ። ዋናው ፎቶ አለመነካቱ ሲያጽናናኝ፣ «ያኛውን ግን አሁኑኑ አጥፋው» የሚል ትእዛዝ ተከተለ። ማጥፋቱን ደግሞ ተያያዙት፤ «ሰው የሌለበት ፎቶ ምን ያደርጋል?» እያሉ የሐረናን ጫካ በሞላ፣ ተራራውንና ጭጋጉንም ጨምረው አሰናበቱት። የተሰረዘ ፎቶ በአይፓድ ላይ ለ30 ቀን ተቀምጦ የሚቆይ በመሆኑ፣ ዛሬ የዚያ ጉዞ ምርጥ አልበም የሚገኘው ቆሻሻ ቅርጫቱ ውስጥ ነው።

የአክስቴ ልጅ ጥያቄ ከሁሉም የከበደ ነበር። በጉዞውና በቡናው መካከል ከእጮኛዋ ጋር ተጣልታ ስለነበር፣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «አውጣልኝ» አለችኝ። የማጥፊያው መሣሪያ ሰውዬውን ጠርጎ በቦታው ሣርና ድንጋይ ተካበት፤ እጁ ግን ትከሻዋ ላይ ቀረ። እጁን ለማንሣት በሞከርኩ ቁጥር መሣሪያው ትከሻዋንም አብሮ ይወስዳል። «ለጊዜው ይቆይ» ብትልም፣ ዘመድ ሁሉ «ቴሌግራም ላይ ጣልልን» እያለ ስለጠየቀ ያ እጅ በሰዓታት ውስጥ ዲላና ሻሸመኔ ደረሰ። እግረ መንገዴን ልናገርና፣ ቴሌግራም በተራው መንገድ የተላከን ፎቶ ጨምቆ ያሳንሰዋል፤ «በፋይል ላክልኝ» የሚል ብልህ ዘመድ ግን ከስንት አንድ ነው። የተጨመቀውን አሳትሞ ሳሎን ከሰቀለ በኋላ «ካሜራህ አይረባም» የሚለው ይበዛል።

በመጨረሻ ብቻዬን ልሠራ ብዬ ታብሌቱን ይዤ ወደ ፍቅር ሐይቅ ወረድኩ። ፀሐይ ላይ ስክሪን ስለሚደበዝዝ ፎቶው የጨለመ ይመስላል፤ ያንን አምኖ ብርሃን የሚጨምር ሰው ቤቱ ሲገባ የሚያገኘው የአክስቴን ዓይነት ፎቶ ነው። ስለዚህ ጥላ ፈልጌ፣ ጀርባዬን ለዛፍ ሰጥቼ፣ አባ ኮዳዎቹ ዓሣ አጥማጆቹን ሲጠብቁ እኔም የትከሻውን ጉዳይ ጀመርኩ። አስተናጋጁ ሻዩን አስቀምጦ አልሄደም። አንገቱን አስግጎ ጥቂት ከተመለከተ በኋላ፣ «ጋሼ፣ ይህቺን እጅ አጥፋት» አለኝ።