ማስተካከያ፦ ቫይታሚን ዲ እና የጥርስ ሽቦ

ባለፈው ስለ ጥርስ ሽቦ (ብሬስ) ስጽፍ «የቫይታሚን ዲ ክኒን ብትወስዱ ሽቦው ቶሎ ይወጣላችኋል» ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ፤ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ጥርስ በሽቦ ሲገፋ በአንድ በኩል ያለው አጥንት ይሟሟል፣ በሌላው በኩል አዲስ ይሠራል። ቫይታሚን ዲ በሁለቱም ውስጥ እጁ አለበት። በ1988 እ.ኤ.አ. በወጣ የድመቶች ሙከራ ጥርሶቹ በእርግጥ ፈጥነው ተንቀሳቅሰዋል። ግን ድመቶቹ ክኒን አልዋጡም። ንቁው የቫይታሚኑ ዓይነት (ሰውነት ቫይታሚኑን ቀይሮ በቀጥታ የሚሠራበት መልክ) እዚያው ጥርሱ ሥር በመርፌ ነው የተሰጣቸው። እኔ ሁለቱን ቀላቀልኳቸው። ክኒን መዋጥ የሕክምናውን ጊዜ እንደሚያሳጥር በሰው ላይ አልተረጋገጠም።

«በቀን 5,000 ዩኒት (IU፣ የቫይታሚን መጠን መለኪያ) ውሰዱ» ያልኩትም ይታረም። ይሄኛው ነው ይበልጥ ያስጨነቀኝ፤ ለልጆቻቸው የገዙ ወላጆች ይኖራሉና። ለአብዛኛው ሰው የሚመከረው በቀን 600 ዩኒት ነው። ከ9 ዓመት ጀምሮ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከ4,000 ማለፍ የለበትም፤ ለትንንሽ ልጆች ጣሪያው ከዚህም ያንሳል። ለረጅም ጊዜ ሲበዛ በደም ውስጥ ያለው ካልሲየም ይጨምራል፤ ያቅለሸልሻል፣ ኩላሊትም ይጎዳል።

በደም ምርመራ እጥረት የተገኘበት ሰው ጉዳይ ግን ሌላ ነው። ሐኪም ያዘዘላችሁን በእኔ ጽሑፍ ምክንያት እንዳታቋርጡ።