እርማት፦ ከኢአርሲፒ በኋላ ቆሽቱ የሚቆጣው ሽማግሌ ብቻ ነው?

"ኢአርሲፒ ሽማግሌ ላይ ነው ቆሽት የሚያስቆጣው፣ አንቺ ወጣት ነሽ አትስጊ" ብለህ ለጠየቀችህ ልጅ የመለስክላት፣ ይቅርታ አድርግልኝና፣ የተገለበጠ ነው። ኢአርሲፒ ማለት ካሜራ ያለው መሣሪያ በአፍ አስገብቶ የሐሞትና የቆሽት ቱቦዎችን ማየትና ማከም ነው። ከዚህ ሕክምና በኋላ ለቆሽት ብግነት ይበልጥ የሚጋለጡት ወጣቶች ናቸው፣ በተለይ ሴቶች። ከዚህ በፊት ቆሽቱ ተቆጥቶ የሚያውቅ ሰውም እንደዚያው። የሚገርመው ደግሞ ቢሊሩቢኑ (ሲበዛ ዓይንን ቢጫ የሚያደርገው የሐሞት ቀለም) ኖርማል የሆነ፣ የሐሞት ቱቦው ያልሰፋ፣ ጠጠርም ያልታየበት፣ "ለማንኛውም ገብተን እንየው" የተባለ ሰው ዓይኑ ቢጫ ከሆነው በሽተኛ የበለጠ መጋለጡ ነው። ለዚህ እኮ ነው ለምርመራ ብቻ ከሆነ ኤምአርሲፒ (መሣሪያ ሳይገባ ቱቦዎቹን በኤምአርአይ ማንሳት) የሚቀድመው።

ሌላው ጣጣ ከሥራው ይመጣል፤ የሐሞት ቱቦው አልገኝ ብሎ ደጋግሞ መሞከር፣ መንገድ የሚመራው ሽቦ ወይም ለራጅ የሚረጨው ቀለም ወደ ቆሽት ቱቦ መግባቱ።

አዛውንት ላይ የልብና የማደንዘዣ ስጋት ይበዛል፣ ልክ ነህ። ያ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ልጅቷ ይልቅ በፊንጢጣ ስለሚሰጠው የብግነት መድኃኒት፣ ኢንዶሜታሲን፣ ሐኪሟን ትጠይቅ። በ2012 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የወጣ ጥናት ላይ፣ ይበልጥ ተጋላጭ በሆኑ ሰዎች ብግነቱን ከ16.9 ወደ 9.2 በመቶ አውርዶታል።