ከትራክተሩ በፊት መውቂያው ይምጣ

የእርሻ ማሽን ኪራይ ሲነሳ ሁሉም ሰው ትራክተር ነው የሚያስበው። በደሴና በኮምቦልቻ ዙሪያ ላለው አነስተኛ ገበሬ ግን መጀመሪያ መቅረብ ያለበት የእህል መውቂያ ማሽን ነው ባይ ነኝ።

የቃሉ ወረዳ ሜዳ፣ የቦርከናን ወንዝ ተከትሎ ያለው፣ ለትራክተር ይመቻል። ወደ ደሴ ዙሪያና ኩታበር ስትወጡ ግን ማሳው ተዳፋት ነው። የአንድ ቤተሰብ መሬት ራሱ እዚህም እዚያም የተቆራረጠ ነው። ትራክተር መዞሪያ አያገኝም። መውቂያ ማሳ ውስጥ መግባት የለበትም። መንገድ እስካለበት ይመጣል፣ ነዶውን ገበሬው ያቀርብለታል።

የገንዘቡም ነገር አለ። ትራክተር የሚፈለገው በሰኔ ነው፤ ያን ጊዜ ጎተራው ባዶ ነው፣ ያለችውን ብር ማዳበሪያና ዘር ይወስዳታል። መውቂያ የሚፈለገው በኅዳርና በታኅሣሥ፣ እህሉ እጅ ሲገባ ነው። ክፍያው በኩንታል ከሆነ ደግሞ ምርት ያነሰበት ሰው የሚከፍለውም ያንሳል።

አውድማውን አስቡት። ጤፉ ተከምሮ የበሬ ተራ ይጠበቃል። በሬዎቹ ቀኑን ሙሉ ሲያበራዩ ይውላሉ። ማሽላ ከሆነ በዱላ ነው የሚወቃው። ገለባውን ለመለየት ደግሞ ነፋስ እስኪነሳ መቀመጥ ነው። ፍሬው ከአፈርና ከፋንድያ ጋር ይደባለቃል፤ ነጋዴውም ይህን አይቶ ዋጋ ይቆርጣል። በመሐል ያልታሰበ ዝናብ ከጣለ የዓመት ልፋት ክምሩ ላይ እያለ ይበላሻል። በ2013 ዓ.ም. መኸር አንበጣ ወሎ ላይ ሲወርድ እህልን ቶሎ መሰብሰብ ምን ማለት እንደሆነ በደንብ አይተናል።

እያጨደ የሚወቃው ኮምባይነርስ የሚል ይኖራል። ለአርሲና ለባሌ ሰፋፊ ስንዴ ጥሩ ነው። እዚህ ግን ገለባው ማሳ ላይ ሲበተን የከብቱ ቀለብ አብሮ ይበተናል።

የወሎ ገበሬ በጋራ መጠቀም አዲስ አይሆንበትም። አንድ በሬ ያለው ከሌላው ጋር ተቀናጅቶ ሲያርስ ኖሯል። ማሽን ግን ሲሰበር መካኒክ ይፈልጋል። ለማኅበር ተሰጥቶ ቀበቶው ሲበጠስ ማን ይገዛል? ስለዚህ አከራዩ፣ የገበሬ ኅብረት ሥራ ዩኒየንም ይሁን የተደራጁ ወጣቶች፣ ኦፕሬተሩን፣ ናፍጣውንና ጥገናውን ይዞ ይምጣ። ኮምቦልቻ የከባድ መኪና መተላለፊያ ናት፤ ጋራዥም በያጅም አታጣም። የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትም እዚያው ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ወረፋው ነው። ካልተጻፈ ጉልበትና ዘመድ ያለው ይቀድማል። ባሏ የሞተባት፣ በሬ የሌላት እናት መጨረሻ ትቀራለች። በሬ ለምና ስትከርም የኖረችው እሷ ናት። ስም ዝርዝሩ አጨዳ ሳይጀመር፣ በጥቅምት ቀበሌው በር ላይ ይለጠፍ፤ በሬ የሌላቸውም ከላይ ይጻፉ።