የተገናኘ የሚመስል ሽቦ

ሦስት ሌሊት የለፋሁበትን ቦርድ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ፣ እዚህ ደብረ ማርቆስ ሆኜ ብሶቴን እጽፋለሁ። ለአንድ የፍኖተ ሰላም ደንበኛዬ የጫጩት መፈልፈያ መቆጣጠሪያ እየሠራሁ ነበር። የዶሮ ዕንቁላል ለ21 ቀናት ያህል በ37.5 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ መቆየት ስላለበት፣ ማሞቂያውን የሚያበራና የሚያጠፋ ባለ 12 ቮልት ሪሌይ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ)፣ እሱን የሚያንቀሳቅስ ትራንዚስተርና በቤዙ፣ ማለትም በትራንዚስተሩ መቆጣጠሪያ እግር፣ በኩል የሚገባ ፍሰት ገዳቢ ሬዚስተር ያስፈልጋል። ሰርኪዩቱ ቀላል ነው። ያቃጠለኝ ሲምቦሎቹን፣ ማለትም የክፍሎቹን ምልክቶች፣ ስኬማቲኩ (በኮምፒውተር የሚሣለው የሰርኪዩቱ ንድፍ) ላይ ማስቀመጡ ነው።

የምጠቀምበት ሶፍትዌር መደበኛ ግሪዱ (ሲምቦሎችና ሽቦዎች የሚያርፉበት የነጥቦች መረብ) 50 ሚል፣ ማለትም 1.27 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ የሲምቦሎቹ እግሮችም በዚሁ ልክ የተዘጋጁ ናቸው። እኔ ጽሑፍ ለማስተካከል ግሪዱን ወደ 25 ሚል ዝቅ አድርጌ፣ ሳልመልሰው ሬዚስተሩን አስቀመጥሁት። ቆይቼ ወደ 50 መልሼ ሽቦውን ስስብ፣ ሽቦው ከሬዚስተሩ እግር 0.635 ሚሊ ሜትር ሲቀረው ቆመ። ሉሁን በሙሉ በላፕቶፕ ስክሪን ላይ ለሚያይ ሰው ይህ ክፍተት የለም ማለት ይቻላል። ለሶፍትዌሩ ግን የሽቦው ጫፍና የእግሩ ጫፍ አንድ ነጥብ ላይ ካልዋሉ፣ ክፍተቱ ምንም ያህል ቢጠብ፣ ሁለቱ የማይተዋወቁ ናቸው።

ከሁሉ የከፋው ከዚያ በኋላ የሚሆነው ነው። ወደ ፒሲቢው፣ ማለትም ወደ ቦርዱ የመዳብ መስመሮች ንድፍ፣ ስሻገር፣ ስኬማቲኩ ያልመዘገበውን ግንኙነት ማንም አይጠይቀኝም፤ የቦርዱ ፍተሻም የሚያመሳክረው ከዚያው ከጎደለው ዝርዝር ጋር ስለሆነ «ስሕተት የለም» ይላል። እኔም አምኜ ቦርዱን ትርፍ መዳቡን በሚበላው በፈሪክ ክሎራይድ አጠብሁ፣ በሳሁ፣ ክፍሎቹን በስታኞ በየድሁ። መብራት ስሰጠው ሪሌዩ ድምፅ አላሰማም። ትራንዚስተሩ ተቃጥሎ ይሆናል ብዬ ሁለት ጊዜ ቀየርሁት፤ የእግሮቹ ቅደም ተከተል ተምታቶብኝ እንደሆነም ፈተሽሁ፣ ምክንያቱም ቢሲ 547 እና ቱኤን 3904 የተባሉት ትራንዚስተሮች ቅርጻቸው አንድ ሆኖ ሳለ ኮሌክተርና ኤሚተር የሚባሉት እግሮቻቸው የተገላቢጦሽ ናቸው። በመጨረሻ ግንኙነት ሲኖር የሚጮኸውን ቴስተር ከሬዚስተሩ ወደ ቤዙ ሳደርግ ጸጥ አለ።

የስኬማቲኩ ፍተሻ አስጠንቅቆህ የለም ወይ የሚለኝ አይጠፋም። አዎ፣ አስጠንቅቋል። ነገር ግን ያስጠነቀቀው ከሠላሳ በላይ በሆኑ መልእክቶች መካከል ነው፤ አብዛኞቹም የኃይል መስመሩ ምንጭ አልተገለጸም የሚሉና ቦርዱን ከመሥራት የማያግዱ ነበሩ። እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ሲምቦሉ ከግሪዱ ውጭ ሲያርፍ፣ እጄ ከማውዙ ሳይነሣ፣ እዚያው ቀለሙን ቀይሮ ይንገረኝ። ጥፋቱ በአንድ ጠቅታ የሚታረመው ያን ጊዜ ነውና።

አሁን በቦርዱ ጀርባ ቀጭን ቀይ ሽቦ ስላገናኘሁ መቆጣጠሪያው ይሠራል። የሰው ገንዘብ የተቀበልሁበትን ሥራ እንዲህ ለጣጥፎ መስጠት ግን ሕሊናዬ ስላልፈቀደ፣ ዛሬ ማታ ቦርዱን እንደ ገና ከመጀመሪያው እሠራዋለሁ።